አራት ጣት ከፍ ብሎ

የልብስ ሰፊዋ ወንድም ሚስት፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ቦርሳዋን ከአልጋው እግርጌ አነሣች፤ የባሏን ግንባር በመዳፏ ነካ አድርጋ «ደሙን ይዤ መጣሁ» አለችውና ልብስ ሰፊዋን እንደ ወንበር አልፋት ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ደርሳ ግን ቆም አለች። በእጇ የያዘችውን የደም ባንክ ወረቀት አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው፣ አፏን ከፈት አደረገች። ልብስ ሰፊዋ በልቧ «እኔን ከሆነ እትዬ ብላ ትጥራኝ» አለችና ዐይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ፀጉር ሠሪዋ አፏን ገጠመች። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ በኮሪደሩ ላይ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

እንዲህ ከሆኑ ሁለት ዓመታቸው ነው። ምክንያቱን የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖር ሁለቱም ለመናገር ያፍሩ ነበር። ለፀጉር ሠሪዋ ሠርግ ብላ ልብስ ሰፊዋ ሌላ ሥራ ሳትቀበል አንድ ወር ሙሉ ለፍታ የሰፋችውን ቀሚስ ሙሽራዋ አልለበሰችውም፤ በኪራይ ልብስ ወጣች። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ልብስ ሰፊዋም አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ወንድምየው በሁለቱ መካከል እንደ ስልክ ሽቦ ተዘርግቶ ይኖራል። አንዷ «ሰላም በላት» ስትለው ለሌላዋ «ሰላም ብላሻለች» ይላል። አንዳንዴ ሲሰለቸው ሁለቱም ያላሉትን ነገር እየፈጠረ ያደርስ ነበር፤ «ናፍቀሽኛል ብላለች» ይላል፤ ሁለቱም እንደማያምኑት ያውቃል።

አሁን ሽቦው ተበጥሶ ተኝቷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀለም ሲቀባ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ ነው። የደወለላት የሥራ ባልደረባው «ወድቋል፣ ግን ያወራል» አላት፤ እሷም ሌሊቱን ሙሉ «ያወራል» የምትለዋን ቃል ስታገላብጥ አደረች። የሚያወራ ሰው ምን ይሆናል? ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት፣ የታጠበና የተተኮሰ አንሶላ በብብቷ ይዛ መጣች። ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ማውረድ እንኳ ረስታዋለች። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች አንገቷን ሲያዩ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቷት ነበር።

ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነው፤ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር እንደ ሰካራም ይሄዳል። ወንድሟ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ይህን የቀባውን ሰው እስከ ምሳ ሰዓት ይሰድበው ነበር። አሁን ግን ግማሽ ዐይኑን ከፍቶ ጣሪያውን ያያል። ማስታገሻው ምላሱን አስሮታል። ጎኑ ያለው አልጋ ላይ አንድ ጡረተኛ ሹፌር አለ፤ አንድ እግሩ በገመድ ተንጠልጥሎ በገመዱ ጫፍ ክብደት ታስሮበታል። አልፎ አልፎ ክብደቱን እያየ «ይሄ ፍሬን ከያዘኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው» ይላል፤ ሰው ሳቀም አልሳቀም።

«እታለም» አለ ወንድሟ።

«ወዬ፣ አለሁ።»

«ይሄ ጨርቅ ቆንጥጦ ያዘኝ።»

ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። ያየችው ነገር እንደ ባለሙያ አሳፈራት። ዳሌው ላይ፣ ጭኑ ሊጀምር ሲል፣ አንድ የሆስፒታል አንሶላ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ዞሮበታል፤ ፊት ለፊት በሁለት የብረት መቆንጠጫ ተይዟል። ጨርቁ ተጨማዷል፣ አንድ ጎኑ ላይ የደረቀ ደም አለበት፣ ስፌቱም አንዱ ወደ ውስጥ አንዱ ወደ ውጭ ነው። ጉልበቶቹም በፋሻ ተያይዘዋል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ገላ ላይ ጨርቅ ስታስቀምጥ ለኖረች ሴት ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሌሊት ሲገላበጥ ከወገቡ ተንሸራቶ ወርዷል። ሱሪ ከወገብ ሲወርድ የት እንደሚቆም ታውቃለች፤ እዚያው፣ ሰፊው ቦታ ላይ፣ አጥንቱ ጎላ ብሎ በሚወጣበት ነው የሚቆመው። ይህን ማንም ሳያይ አድሯል። ሚስት ተብላ አጠገቡ የተቀመጠችውም አላየችም።

ነርሷን ለመጥራት አሰበች። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አየች፤ የሌሊቷ ነርስ ወጥታ የቀኗ ገና አልገባችም፤ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ መዝገብና አንድ ኩባያ ብቻ አለ። የግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት ከአሥር ይላል። ተመልሳ መጣች። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ጨርቁ ግራና ቀኝ ሲወድቅ ወንድሟ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ እሷም የእፎይታ መሰላት። የራሷን አንሶላ በአራት አጠፈች፣ ጠርዙን በጥፍሯ እየተጫነች አስተካከለች፤ ከዚያ ሁለት እጇን ከዳሌው ሥር አስገብታ ብድግ አደረገችው። አልተመቻትም፤ አውርዳ እንደገና አነሣችው። ያን ጊዜ በመዳፏ ሥር የሆነ ነገር ተንሸራተተ። ጠርዛቸው ገና ያልተሰፋ ሁለት ጨርቆች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ጣት እንደሚያውቀው ዓይነት ነበር። ወንድሟ አልጮኸም፤ ጥርሱን ነከሰ። እሱ ራሱ ተንቀሳቅሶ ነው አለች ለራሷ። አንሶላውን ወገቡ ላይ፣ እምብርቱ አጠገብ፣ በሚገባ አጥብቃ አዞረችው፤ ከኪሷ ስድስት መርፌ ቁልፍ አውጥታ በእኩል ርቀት ሰካችበት። አንድም መጨማደድ አልነበረበትም።

«አሁን ሰው መሰለ» አለ ሹፌሩ ከጎን። «እኔንም አንድ ቀን ተኩሺኝ፣ ልጄ።»

«እርስዎ በእንፋሎት ካልሆነ አይቃኑም፣ አባባ» አለችው። ሳቀ። አሮጌውን አንሶላ ጠቅልላ ከአልጋው ሥር አኖረችው፤ እጇንም ታጠበች።

የቀኗ ነርስ የደም ግፊት መለኪያዋን እየጎተተች ስትመጣ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ሰላም ሳትል ክንዱን ጠቀለለች፣ ለካች፣ እንደገና ለካች። ከዚያ ፊቱን አየች፤ ልብስ ሰፊዋም አብራ አየች። ከንፈሩ ከግድግዳው ነጭ ጋር ተመሳስሏል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አጎቴ፣ ይሰሙኛል?» አለችው ነርሷ፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላውን ሰው። አልመለሰም። ያወራ የነበረው ሰው አላወራም። ነርሷ ወደ ኮሪደሩ እየሮጠች ወጣች።

ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊዋ የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ በቅጡ አታስታውስም። ዶክተሩ መጣ፤ ወጣት ነው፣ የጋውኑ አንገትጌ አንድ ጎን ተቀልብሷል፤ ልታስተካክልለት እጇ ከፍ ብሎ ነበር። የወንድሟ ሚስት ሁለት ከረጢት ደም በፎጣ ጠቅልላ አቅፋ ገባች፤ ስትሮጥ ስለመጣች ትንፋሽ አጥሯታል። ነርሷ ከረጢቱን ከእቅፏ ነጥቃ ሰቀለች። አንድ ሰው «ሰባ አምስት» አለ። ሌላው «ማታ መቶ አምስት ነበር» አለ። ዶክተሩ ብርድ ልብሱን ገፍፎ ጣለና እጁን ስድስቱ መርፌ ቁልፎች ላይ አሳርፎ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ይሄ ምንድነው? አራት ጣት ከፍ ብሏል። ይሄ የሚያስረው ሆዱን ነው። ማን ነው እንዲህ ያሰረው?»

ነርሷ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረች። «የሌሊቷ ነርስ ለአስታማሚዋ ነግሬያለሁ ብላ መዝገቡ ላይ ጽፋለች። አይነካ፣ አይፈታ፣ አይገላበጥ ብላሽ የለም? ለምን ነካሽው?»

ፀጉር ሠሪዋ አንሶላውን አየች። ጠርዙ ላይ ያለውን ድርብ ስፌት አየች፤ እንደዚያ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ዐይኗን አንሥታ ልብስ ሰፊዋ ላይ አላሳረፈችም። ሹፌሩ አንድ ጊዜ አሳለና የተንጠለጠለ እግሩን ማየት ጀመረ።

«ስሚኝ፣ እኅቴ» አለ ዶክተሩ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይቸኩላል። እያወራ መርፌ ቁልፎቹን እየነቀለ መሬት ላይ ይጥላል። «የማን ጥፋት እንደሆነ አሁን አልጠይቅም። የምጠይቀው መቼ እንደተፈታ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሆኖ ካደረ ውስጡ የፈሰሰው ደም ብዙ ነው፤ አሁኑኑ ሆዱን ልከፍት ነው። ታስሮ ሳለ ግፊቱ ወርዶ ከሆነም እንደዚያው። አሁን ተፈትቶ ከሆነ ግን መልሰን እናስረዋለን፣ ደም እንሰጠዋለን፣ ከተመለሰ ሆዱን ሳልነካ አጥንቱን ብቻ እሠራለታለሁ። ሌሊት ነው ጠዋት?»

«አላውቅም» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አጠገቡ አድረሽ አታውቂም?» አለች ነርሷ።

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ የወደቁትን መርፌ ቁልፎቿን አየች። አስተካከልኩት ብላ ነበር ለራሷ። አስተካክላው ነበር እኮ። የተንሸራተተውን ከፍ አደረገች፣ የቆሸሸውን ቀየረች፤ የትኛው ላይ ነው የተሳሳተችው? አሁን አፏን ብትከፍት ይህቺ ሴት ዕድሜ ልኳን «እኅቱ ናት የገደለችው» ትላለች። ዝም ብትል ደግሞ ሆዱን ይከፍቱታል። ሁለቱ ሐሳቦች አብረው መጥተው በአንድ በር ለመግባት ሲጋፉ ቆዩ። ዶክተሩ «በቃ፣ ለቀዶ ክፍሉ ንገሪያቸው፣ ሆድ...» ብሎ ሲጀምር የራሷን ድምፅ ሰማች፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። እሷ አልነበረችም።»

ሁሉም ዞሩ።

«ወርዶ መስሎኝ ነው። ሁለት ጊዜ ብድግ አድርጌዋለሁ፤ በሁለተኛው ውስጡ የሆነ ነገር ተንሸራቷል፣ በእጄ አውቄዋለሁ። ተፈትቶ የቆየው አንድ ሸሚዝ ለመተኮስ የሚበቃ ጊዜ ያህል ነው። አምስት ደቂቃ፤ ከዚያ አይበልጥም። አሮጌው አልጋው ሥር አለ።»

ዶክተሩ አልሰደባትም። ቢሰድባት ይቀላት ነበር። ከአልጋው ሥር የተጨማደደውን አንሶላ አውጥቶ በወንድሟ ሥር አሳለፈና አንዱን ጫፍ ለእሷ ሰጣት። «እጅሽ ጠንካራ ይመስላል። ያዢ። እዚህ ላይ፤ ይሄ ጎልቶ የወጣው አጥንት ይሰማሻል? ወገቡ አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው። ስልሽ ወደ ራስሽ ትጎትቻለሽ፤ እስክልሽ አትለቂም።» በተቃራኒ ጎን ሆነው ጎተቱ። ልብስ ሰፊዋ በጨርቁ ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲገጥም ተሰማት፤ ሁለት ጠርዝ ተገናኝቶ ልክ ሲሆን እጅ የሚያውቀው ዓይነት መግጠም። ነርሷ መቆንጠጫዎቹን መለሰች። የተጨማደደው፣ የቆሸሸው፣ ዝቅ ያለው አንሶላ በነበረበት ሆነ። አሁንም ለዐይኗ ተንሸራቶ የወረደ ይመስላል።

«ሰባ ስምንት» አለች ነርሷ። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ሰማንያ ስድስት»። የመጀመሪያው ከረጢት ባዶ ሲሆን «ዘጠና አራት»። ዶክተሩ አንገትጌውን ሳያስተካክል «አጥንቱን ብቻ» አለና አልጋውን እየገፉት ወጡ።

ከቀዶ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ለአራት ሰው ይበቃል። ሁለቱ ሴቶች ሁለቱ ጫፎች ላይ ተቀመጡ። በመካከላቸው የደም ከረጢቶቹ የመጡበት ፎጣ ነበር። ግድግዳው ላይ አራት ቀስቶች አሉ፤ ቀዩ ወደ ቀኝ፣ ሰማያዊው ወደ ግራ፣ ቢጫው ወደ ላይ፤ አረንጓዴው ወደ ታች ያሳያል፤ ተከትለውት የሚሄዱት መስመር ግን ወለሉ ላይ የለም። አንዲት ሴት መጥታ «ራጅ በየት በኩል ነው?» ስትላቸው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ጠቆሙ። ሴትየዋ ሁለቱንም አይታ በሦስተኛው ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ መቁጠር ሞከረች። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል ደም ሊፈስ ይችላል? ደግሞስ ሌሊት ሲገላበጥ በእርግጥ አልተንሸራተተም ነበር? ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አፏን ስትከፍት ልትነግራት የነበረው ይህንን ነው? ዘወር ብላ ብታያት ኖሮ ትናገር ነበር? ነገሩን ከየትም ብትጀምረው መጨረሻው ላይ ሌላ ጫፍ ይወጣል፤ እንደ ተወሳሰበ ክር የትኛውን ብትስብ እንደሚፈታና የትኛውን ብትስብ እንደሚጠብቅ አታውቅም። አንድ ጊዜ ፀጉር ሠሪዋ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ግማሹን ፎጣው ላይ አስቀመጠች። ለማን እንዳስቀመጠችው አልተናገረችም። ልብስ ሰፊዋ አየችው፤ አልበላችም፤ ዝንብ ሲያርፍበት ግን በእጇ አባረረች።

ዶክተሩ የወጣው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለቱም ቆሙ። እሱ ግን ተቀመጠ፤ እግሩ ደክሞታል። የልብስ ሰፊዋን አንገት አይቶ «ይሄን ላውሰው?» አለና ሜትሯን ወስዶ በጣቶቹ መካከል ክብ አደረገው። «ዳሌ እንዲህ ነው፣ ቀለበት ነው። የእሱ ፊት ለፊትም ኋላም ተላቆ ነበር። ሲላቀቅ እንዲህ ይከፈታል።» ሜትሩን ሁለት ጣት ያህል ለቀቀው። «ውስጡ ይሰፋል፤ ደሙም የሚያቆመው አጥቶ ይሞላዋል። አንሶላው የሚያደርገው መዝጋት ብቻ ነው። አሁን ፊት ለፊቱን በብረትና በብሎን ገጥመነዋል። ከውጭም የብረት ማዕቀፍ አለው፤ ከሆዱ ላይ መወጣጫ የተሠራ ይመስላል፣ ስታዩት አትደንግጡ። የኋላውን ከሳምንት በኋላ በብሎን እናስረዋለን።»

«ይራመዳል?» አለች ሚስቱ።

«ሦስት ወር አይረግጥም። ከዚያ እናያለን። አሁን ግን ይተነፍሳል፣ ግፊቱ ደህና ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የክቡ ነገር ገብቷታል። ዙሪያው ላይ ሁለት ጣት ብቻ የጨመሩበት ቀሚስ ውስጡ ሌላ ሰው እንደሚገባበት ከማንም በላይ ታውቃለች። ያልገባት ሌላ ነው።

«በእኔ ነው ወይ፣ ዶክተር? ግፊቱ የወረደው?»

ዶክተሩ ሜትሩን ጠቀለለው፤ ጠቅልሎም ጨረሰ፤ ገና ያስባል። «ሊሆን ይችላል» አለ። «ማንም ሳይነካው የሚወርድም አለ። መቼ እንደፈታሽው ባትነግሪኝ ሆዱን እከፍተው ነበር፤ ይሄን አውቃለሁ። ሌላውን ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም።» ሜትሩን በመዳፏ ላይ አስቀመጠላትና ሄደ።

ተመልሰው ተቀመጡ። ከጫፍና ከጫፍ ነበር የተነሡት፤ አሁን ፎጣው ብቻ ነው በመካከላቸው የቀረው። ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ሰው ውኃ ይደፋል፤ መጥረጊያው ወለሉን ይመታል። ፀጉር ሠሪዋ ግማሹን ብስኩት አንሥታ ሰባበረችው፤ አልበላችውም።

«ማታ ነርሷ አይነካ ብላኝ ነበር» አለች፤ የምታወራው ለብስኩቱ ይመስል ነበር። «ጠዋት ልነግርሽ ቆሜ ነበር። ምን ብዬ እንደምጠራሽ ጠፋኝ።»

ልብስ ሰፊዋ «እኔም ወደ መስኮቱ ያየሁት ሆን ብዬ ነው» ለማለት አሰበች፤ ግን ሜትሩን ፈታ እንደገና ጠቀለለችው።

«እትዬ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ወዬ።»

«የእኔም ቀሚስ ወገቡ ከፍ ብሎ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ትወቅሳት እንደሆነ፣ ትቀልድባት እንደሆነ፣ ወይም ዝም ብላ ሁለት ዓመት የያዘችውን ነገር መሬት ላይ ማኖሯ እንደሆነ ከፊቷ ማንበብ አልቻለችም። ፀጉር ሠሪዋም ራሷ የምታውቀው አይመስልም። አንድ ወር ሙሉ ስትለካው፣ ስትቀደው፣ ስትሰፋው የነበረው ቀሚስ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ያን ወገብ በዐይነ ኅሊናዋ አዞረችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በሌላ ሰው ገላ ላይ አየችው።

«ስንት ጣት?» አለች።

«ሦስት።»

«ሦስት ጣት» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሳታስበው ሦስት ጣቷን ጉልበቷ ላይ አሰልፋ እያየች። «ቀሚሱ አለ?»

«ቁምሳጥን ውስጥ ነው። አልሰጠሁትም።»

የቀዶ ክፍሉ በር ተከፈተና አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ራሷን ብቅ አደረገች። «የቀለም ቀቢው ቤተሰብ» ብላ ተጣራች። «አንድ ሰው ብቻ ይግባ።»

ሁለቱም ተነሡ። ነርሷ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ጠበቀች። ማንም አልተቀመጠም።